ወገኗ ያልተለየች ሸረሪት

ጡረታ ስወጣ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ክሊራንሴን ከመፈረሙ በፊት በስሜ የተመዘገበውን ዕቃ ሁሉ አንድ በአንድ አነበበልኝ። ወንበር፣ የጠረጴዛ መብራት፣ አጉሊ መነጽር፣ ከዚያም "ብሩሽ፣ ባለ ሦስት ፀጉር፣ አንድ"። ቀና ብሎ አየኝና "ወይዘሮ አስካለ፣ ይሄ ብሩሽ አርጅቶ ነው ሦስት ፀጉር የቀረው ወይስ ሲመጣም እንዲህ ነበር?" አለኝ። ሲመጣ ሙሉ ነበር፤ ሌላውን ፀጉር የነቀልኩት እኔ ነኝ። ከጤፍ የምትበልጥ፣ ከምስር የምታንስ ሸረሪት ሳትጎዳ ለመገልበጥ ከሦስት ፀጉር በላይ ያለው ብሩሽ መጥረጊያ ነው። ይህን ላስረዳው ስጀምር ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች አጉረመረሙ፤ እሱም "ይሁን፣ ይሁን" ብሎ ፈረመልኝ። ያቋረጠኝን ልጨርሰው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የሠራሁት ሐዋሳ ነው፤ ያኔ አዋሳ እንላት ነበር። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከሸዋ ተዛውሮ መጥቶ እዚሁ የቀረ ጸሐፊ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ፣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመት እንዳለፈው፣ አንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የቤተ ሙከራ ረዳት ይፈልጋል ሲባል ሰምቼ አመለከትኩና ተቀጠርኩ። መጀመሪያ የተመደብኩት ነቀዝ ክፍል ነበር። ሥራው ከበቆሎ ናሙና ውስጥ ነቀዝ እየለቀሙ መቁጠር ነው። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን ጮክ ብለው ስለሚቆጥሩ የእኔ ቁጥር ሁልጊዜ ከእሳቸው ጋር እኩል ይሆናል። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ እሱን ሁሉም ያውቀዋል።

አንድ ቀን ጋሽ ተካ የሚባሉ ሰው መርፌ ሊዋሱ ወደ ክፍላችን ገቡ። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ የኮታቸው ኪስ ውስጥ ብልቃጦች የሚንኳኩባቸው ሰው ነበሩ። በጣቢያው "የሸረሪት ሰውዬ" ነው የሚባሉት። ዲግሪ የላቸውም። ለብዙ ዓመታት የአንድ የውጭ አገር ምሁር ረዳት ሆነው ሲሠሩ ኖረው፣ ዘመኑ ሲለወጥ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ማይክሮስኮፑና ቁም ሣጥኑ ለእሳቸው ቀረ። በዕቅዱ ላይ ሥራቸው "የሰብል ተባይ የሚበሉ ሸረሪቶች ጥናት" ይባላል።

መርፌውን ስሰጣቸው የቀሚሴን አንገትጌ አዩ።

"ይህን ጥልፍ ማን ጠለፈው?"

"እኔ ነኝ።"

"ስንት ጊዜ ፈጀብሽ?"

"ሁለት ወር።"

"ስንት ጊዜስ ፈታሽው?"

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። "አራት ጊዜ" አልኳቸው። በሳምንቱ ወደ ሸረሪት ክፍል ተዛወርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ በሚራገፍበት አሞራ ገደል ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሊጎትቱ ውሃ ውስጥ ቆመዋል፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ራሰ በራ አሞራዎች የዓሣ ሆድ ዕቃ እየጠበቁ ተኮፍሰዋል። እኛ አልፈናቸው ሄድንና ከብቶች ውሃ ሊጠጡ ወደሚወርዱበት ሣር ደረስን። ጋሽ ተካ ተንበርክከው አንድ የላም ኮቴ አሳዩኝ። ጭቃው ላይ በቀረው የኮቴ ጉድጓድ አፍ ላይ የሳንቲም ያህል ስፋት ያላት ድር ተወጥራለች፤ የምትታየውም ጤዛ ስላረፈባት ብቻ ነው። ፀሐይ ወጥታ ጤዛው ሲደርቅ ድሩ ከዓይን ይጠፋል። ያን ጊዜ ዱቄት በአሮጌ ስቶኪንግ ቋጥረን ቀስ ብለን እናራግፍበታለን፤ ድሩም እንደገና ይታያል። ዱቄት በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ይህን የሚያዩ ሴቶች የሚሉንን እዚህ አልጽፈውም። ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ "ኮቴ አንባቢዎቹ መጡ" ይሉን ነበር።

ሸረሪቷን የምንይዛት በመምጠጫ ቱቦ ነው። አንዱን ጫፍ ወደ እሷ አስጠግተን ሌላውን በአፍ እንስባለን፤ መሐል ላይ ያለች ስስ ጨርቅ ሸረሪቷን ታስቀራታለች። በመጀመሪያው ቀን ጨርቋን ማስገባት ረሳሁ። ሸረሪቷ ጉሮሮዬ ገብታ ስስል ጋሽ ተካ ፊታቸውን ሳይለውጡ "ቁርስ አልበላሽም ነበር እንዴ?" አሉኝ።

ስለ ሸረሪቷ ጥቂት ካላልኩ ቀሪው አይገባም። ሸረሪት ሁሉ ከሆዷ ጫፍ ድር የሚወጣባቸው ትንንሽ ነገሮች አሏት፤ እኛ የድር ጡት እንላቸው ነበር። በአብዛኞቹ ሸረሪቶች ላይ አንድ ላይ ተሰብስበው ነው የሚቀመጡት። ጋሽ ተካ የሚከታተሏቸው ግን ስድስቱም የድር ጡቶች ጎን ለጎን፣ በአንድ ረድፍ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩባቸው ናቸው። እነሱ ለብቻቸው አንድ አስተኔ ናቸው። አስተኔ በሳይንሱ አማርኛ ቤተሰብ እንደማለት ነው፤ ከሥሩ ወገን አለ፣ ከወገን ሥር ዝርያ አለ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መደብ አለ። ባለማበጠሪያዎቹን ከጥቂት ሊቃውንት በቀር የሚያውቃቸው የለም። ድሮ የሌላ ትልቅ አስተኔ ክፋይ ተደርገው፣ መሸሸጊያ ቱቦ ያለው ድር ከሚሠሩት ጋር ተቆጥረው ኖረዋል፤ ራሳቸውን የቻሉት በኋላ ነው። "በእንጀራ ልጅነት ነው ያደጉት" ይሉ ነበር ጋሽ ተካ።

ከሐይቁ ዳር የምናገኛት ሸረሪት ችግሯ ረድፏ ቀጥ አለማለቱ ነበር። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ የድር ጡቶች ትንሽ ወደ ኋላ ጎበጥ ብለዋል። ስለዚህ ከባለማበጠሪያዎቹ ናት ለማለት ወንዷ ያስፈልጋል። ወንድ ሸረሪት ከፊቱ ሁለት አጫጭር መዳሰሻዎች አሉት፤ ጫፋቸው የቦክሰኛ ጓንት እንዳጠለቀ እጅ ያበጠ ነው፤ ዝርያ ከዝርያ በደንብ የሚለየው በዚያ ጓንት ላይ ባለው ጥምዝምዝ ነው። ጋሽ ተካ ሦስት ዓመት ሙሉ ሴት ብቻ እንጂ ወንድ አላገኙም። ስማቸው የታተመበት አንድም ወረቀት አልነበራቸውም። አንዲት ነገር ብቻ ተጽፋ ማየት ይፈልጉ ነበር፦ ይህች ሸረሪት ረድፏ ቢጎብጥም ከባለማበጠሪያዎቹ ናት፣ ወንዷም ይኸውና የምትል። ዓይናቸው ያየውን ነገር አንድ የሚያውቅ ሰው "አዎ፣ እኔም አየሁት" እንዲላቸው ነበር ምኞታቸው።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። አንድን ነገር ሦስት ጊዜ ሳያዩ "ነው" አይሉም፤ "ይመስላል" ነው የሚሉት። አንዴ ያዩና ይሥላሉ፤ ሥዕሉን መሳቢያ ውስጥ ከተው ውሃ ይጠጣሉ። ከዚያ የቀደመውን ሳያዩ እንደገና ይሥላሉ። በማግስቱ ሦስተኛውን ሥለው ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ሥዕሎቹ ካልተመሳሰሉ ሦስቱንም ቀድደው ይጥሏቸዋል። ሌላው ልማዳቸው ወረቀቷ ናት። ብልቃጥ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ይወድቃል፤ ስለዚህ አልኮሉ ውስጥ ከሸረሪቷ ጋር የምትገባ ትንሽ ወረቀት በእርሳስ እንጽፋለን። ቦታው፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስም ይጻፍባታል። ጋሽ ተካ ወረቀቷን የሚጽፉት ሸረሪት መፈለግ ከመጀመራቸው በፊት፣ ሣሩ ላይ ቆመው ነው። ምንም ካልተገኘ ይቀዷታል። "ስም ባይኖራት አድራሻ ይኑራት" ይሉኛል። ሸረሪቷን ካገኙ በኋላ የሚጽፉ ሰዎች በደስታ ይሳሳታሉ ባይ ነበሩ።

የጣቢያው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ሸዋንግዛው ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የተጻፈ ነገር ሁሉ ሌላ ነገር ማለት ይመስለዋል። አንድ ቀን ቀይ እርሳሱን ይዞ መጣና መዝገባችንን ገለጠ።

"'ከአሞራ ገደል አለፍ ብሎ፤ ሴት ዘጠኝ፤ ወንድ አልተገኘም፤ ወገናቸው ያልተለየ' ይላል። እነማን ናቸው እነዚህ?"

"ሸረሪቶች ናቸው" አሉ ጋሽ ተካ።

"ወገናቸው ያልተለየ ማለት ምን ማለት ነው?"

ወገንህን ለይ የሚባለው በየስብሰባው ነበር፤ ያልለየ ሰው ምን እንደሚሆንም ሁላችንም እናውቃለን። እኔ እጄ ላይ ያለውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"መደባቸውስ?" አለ ጓድ ሸዋንግዛው።

"መደባቸው እንኳ ይታወቃል፣ ጓድ። ያስቸገረን ወገናቸው ነው።"

ማንም አልሳቀም። ጓድ ሸዋንግዛው መዝገቡን ይዞ ሄደ። በሳምንቱ ሲመልሰው በየገጹ ቀይ ምልክት አድርጎበት ነበር። "በመዝገቡ መሠረት በስምንተኛው ወር በአምስተኛው ቀን ሐይቅ ዳር ነበራችሁ። ሚያዝያ አምስት ቀን ግን ጓድ ተካ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ፈርመዋል። ሰው እንዴት ሁለት ቦታ ይሆናል?"

"ቀኑ በፈረንጅ ነው። በእኛ ሐምሌ ሃያ ዘጠኝ ነው።"

ጓድ ሸዋንግዛው በጣቱ ቆጠረ። ልክ ሆኖ ሲያገኘው የተናደደ መሰለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝገቡ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ እንዲጻፍ ታዘዘ። እሱ ከወጣ በኋላ ጋሽ ተካ "መዝገቡ ለእነሱ ነው፤ እንዳሉት ይጻፍ" አሉኝ። "ብልቃጥ ውስጥ የምትገባዋ ወረቀት ግን እንደ ድሮው በፈረንጅ ትሁን። እሷን የሚያነባት ሩቅ ያለ ሰው ነው።" ሰማሁ፤ ገብቶኝም ነበር።

በነሐሴ መጨረሻ ጋሽ ተካ ለሦስት ወር ዘመቻ ታዘዙ፤ አዲስ ለሰፈሩ ገበሬዎች ስለ ተባይ ሊያስተምሩ ነው። ሲሄዱ "ወንዱ ካለ የሚወጣው ዝናቡ ሲያልቅ ነው" አሉኝ። "የራሱ ድር ስለማይኖረው ይንከራተታል። ሴቷ ድር ዳር ጠብቂው።"

ከእንቁጣጣሽ ማግስት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ብቻዬን ወረድኩ። በየቀኑ ሣሩ ላይ ቆሜ ወረቀት እጽፋለሁ፤ ምንም አላገኝም፤ ወረቀቱን እቀድዳለሁ። መስከረም ስምንት ቀን ግን ለማይገኝ ነገር አድራሻ መጻፍ ሰለቸኝና ሳልጽፍ ተንበረከክሁ። በሦስተኛው ኮቴ ላይ፣ ሴቷ ድር ጠርዝ ላይ፣ መዳሰሻዎቹ ያበጡ አንድ ትንሽ ሸረሪት ቆሟል። በአንድ እግሩ ድሩን ነካ፣ ተወት፣ ነካ ያደርጋል። ሴቷ ከጉድጓዱ ብቅ አለች። ቱቦውን ሳስጠጋ እሷ ተመልሳ ገባች፤ እሱን ሳብኩት።

ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ዓሣ አጥማጆቹን በሩጫ ሳልፋቸው አንዱ "ምን አገኘሽ? ወርቅ ነው?" ብሎ ጮኸ። ጣቢያው ደርሼ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ በታዘዝነው መሠረት ጻፍኩ፤ ስምንት፣ አንድ፣ ከዚያ ዓመቱን በሁለት አኃዝ። ከዚያ ከመዝገቡ ወደ ወረቀቷ ገለበጥኩ። ከሦስት ቀን በኋላ ሁለተኛ ወንድ ሳገኝ እንደ መጀመሪያው አድርጌ ጻፍኩ።

ጋሽ ተካ ወባ ይዟቸው በታኅሣሥ ተመለሱ። ፊታቸው ቢጫ ሆኗል። ቤታቸው ሳይገቡ ወደ ክፍላችን መጥተው ወንዱን ማይክሮስኮፕ ሥር አደረጉት። ሣሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ እንደገና ሣሉ። በማግስቱ ሦስተኛውን ሥለው ሦስቱን ደረደሩና "ነው" አሉ። ቃሏን ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር ማለት እችላለሁ። የእሳቸውን ሴቶችና የእኔን ወንዶች በጥጥ ጠቅልለን፣ በእንጨት ሣጥን አድርገን፣ በውጭ አገር ላለ የዘርፉ አዋቂ ላክን። ወረቀቶቹን አላነበቧቸውም። እኔ የጻፍኩትን ለምን ብለው ያነቡታል? በዚያው ሰሞን የቴክኒሻን ዕድገት እንዲሰጠኝ በጻፉልኝ ደብዳቤ ላይ "እጇም ጽሕፈቷም የታመነ ነው" ብለው ነበር።

መልሱ ሲመጣ ክረምቱ እየወጣ ነበር። ጋሽ ተካ ደብዳቤውን ቆመው አነበቡት። ሴቶቹና ወንዶቹ የተያዙበት ጊዜ በጣም የተራራቀ ስለሆነ አንድ ዝርያ ናቸው ለማለት የሚያስችል ምንም ነገር የለም ይላል። ወንዱ ከባለማበጠሪያዎቹ አስተኔ ነው፤ ሴቷ ግን ረድፏ ስለጎበጠ ከዚያ አይደለችም፣ ወደ ሌላ ትሂድ። አዋቂው ይህንኑ አሳትሞታል።

"ነሐሴና መስከረም አልገጠሙላቸውም" አሉ። "እኔ አንድ መስለው ታይተውኝ ነበር።" ደብዳቤውን ከነተያያዘው ዝርዝር እንዳስቀምጠው ሰጡኝ። ዝርዝሩን አላዩትም።

እኔ አየሁት። ፋይል ውስጥ ላስገባው ስል ወንዶቹ የተያዙበት ቀን ላይ ዓይኔ አረፈ። ስምንትና አሥራ አንድ ጃንዋሪ ይላል፤ ዓመቱም ከሴቶቹ ሰባት ዓመት የቀደመ ነው። የእኔን መስከረም በፈረንጅ ወር፣ የእኔን ዓመት በፈረንጅ ዓመት አንብቦታል። ሰውየው ጥፋት የለበትም፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው ያነበበው። ቆይቼ ሳስበው፣ ወንዱን በጳጉሜ አግኝቼው ቢሆን አሥራ ሦስት ብዬ እጽፍ ነበር፤ አሥራ ሦስተኛ ወር ያየ ፈረንጅ ደግሞ ሳይጠይቅ አያልፍም። ለስምንት ቀን ነው የተበላሸሁት።

በዚያው ቀን መንገር ነበረብኝ። ነገ እላለሁ፤ ነገ ሲሆን ወባቸው ይነሳል። ሲሻላቸው ደግሞ ለምን ትናንት አልነገርሽኝም ቢሉኝስ እላለሁ። ፍርሃቴ ጓድ ሸዋንግዛውን አልነበረም። "ጽሕፈቷ የታመነ ነው" ያሉኝ ሰው ፊት መቆሙን ነው የፈራሁት። ይህን በትክክል ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፤ የፈራሁት ለራሴ ነው።

ጋሽ ተካ ባለማበጠሪያዎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸውና የበቆሎ አገዳ ቆርቁር በሚባለው ትል ላይ መሥራት ጀመሩ። ሐይቅ ዳር መውረድ ቀረ። ማይክሮስኮፑ ላይ አንድ ነገር ባዩ ቁጥር ከመጻፋቸው በፊት "እስቲ ነይ፣ አንቺስ ምን ታያለሽ?" ይሉኛል። እኔ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው የእኔን ይጽፋሉ። ያኔ ለእኔ ያላቸው አክብሮት የጨመረ መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ዞሮ ነሐሴ ሲያልቅ፣ ሌላ መስከረም ሊያልፍ ነው ብዬ ዝርዝሩን ከፋይል አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት።

"ጋሽ ተካ፣ ወንዱን የያዝኩት መስከረም ስምንት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ወረቀቷ ላይ ስምንት፣ አንድ ብዬ ነው የጻፍኩት።"

ዝርዝሩን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄደው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ጃንዋሪ አለው" አሉ።

"አዎ።"

"ዓመቱንም ወደ ኋላ ወሰደው።"

"አዎ።"

"አንቺ ይህን መቼ አወቅሽ?"

"ደብዳቤው የመጣ ቀን።"

መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "ዓመት ሊሆነው እኮ ነው" አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና "በይ ወረቀት ቁረጪ። ከአሁን ወዲያ በሁለቱም አቆጣጠር ነው የምንጽፈው" አሉኝ። ስለዚያ ዓመት ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

መስከረም ላይ አብረን ወረድን። ሰባት ጠዋት ወረቀት ጽፈን ሰባት ጊዜ ቀደድን። በስምንተኛው ወንድና ሴት አንድ ድር ላይ አገኘን። ቱቦውን የያዙት ራሳቸው ነበሩ፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ሳቧቸው፣ አንድ ብልቃጥ ውስጥም ገቡ። የቀሩት ሴቶችና አዲሶቹ ጥንዶች ከረጅም ማብራሪያ ጋር ተዘጋጁ። ማብራሪያው ግን ወደ ውጭ ስለሚሄድ መጀመሪያ በጓድ ሸዋንግዛው እጅ ማለፍ ነበረበት።

ጓድ ሸዋንግዛው አነበበና ቀይ እርሳሱን አነሳ። "'ስህተቱ የተፈጠረው በዘመን አቆጣጠር ነው' ይላል። የእኛ አቆጣጠር ስህተት ነው ማለት ነው?"

"የለም፣ ጓድ" አሉ ጋሽ ተካ። "ፈረንጁ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም ማለት ነው።"

"አያውቅም?"

"ጭራሽ።"

ጓድ ሸዋንግዛው ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ያላወቀ ይማር" ብሎ ማህተሙን አሳረፈበት። ማብራሪያው ላይ ወረቀቷን ማን እንደጻፋት አልተገለጸም፤ "ሰብሳቢዎቹ" ነው የሚለው።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ጋሽ ተካ ጡረታ ወጡ። እኔ ወደ ዘር ማከማቻ ተዛወርኩ፤ ከዚያም ቀሪውን የሥራ ዘመኔን ከዘር ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ተባይ ስመላለስ ነው የጨረስኩት፤ ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም። ከፒያሳ ጀርባ ያለው ቤታቸው እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። መልስ መጣ ወይ ብለው አይጠይቁኝም፤ እኔም አልመጣም አልላቸውም። በሁለተኛው ክረምት ታመሙና አረፉ። መልሱ የመጣው ከቀብራቸው አራት ወር ያህል ቆይቶ ነው። ፖስታው ላይ ያለው ስም የእሳቸው ነበር።

ደብዳቤው አጭር ነው። ወንዱና ሴቷ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ረድፏ ቢጎብጥም ቦታዋ ከባለማበጠሪያዎቹ አስተኔ ነው፤ የቀድሞው ጽሑፍ ታርሟል፤ አቶ ተካ ከመጀመሪያው በትክክል አይተውታል፤ ይላል። የታተመው እርማትም አብሮ ነበር። ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ወደ ባለቤታቸው ወደ እትዬ ብርሃኔ ወሰድኩላቸው። ጥቁር ለብሰው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንብቤ ተረጎምኩላቸው።

"ስለ ሸረሪቷ ነው?" አሉኝ።

"ስለ ሸረሪቷ ነው። ጋሽ ተካ ልክ ነበሩ ይላል።"

ወረቀቱን ተቀብለው የታተመውን የባላቸውን ስም በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ "አንቺ ቢሮ አብረሽው ስለነበርሽ ታውቂ ይሆናል" አሉ። "አንድ ዓመት ዓይኔ ከዳኝ ብሎ አስቸገረኝ። ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተመረመረ። ሐኪሙ ዓይንህ ምንም አልሆነም አለው፤ እሱ ግን አላመነም። ማታ ማታ አንዱን ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ያነባል፤ ከዚያ ሌላውን ይሸፍናል። ምን ነካህ ስለው አይነግረኝም። እንዲህ ሆኖ ከርሞ አንድ ቀን ከሥራ መጣና ተወው። ምን ነክቶት እንደነበር ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ" አልኳቸው።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሣሩ ላይ ሳልጽፋት የቀረችውን ወረቀት፣ መስከረም ስምንትን፣ ዝርዝሩን፣ ዝም ያልኩበትን ዓመት ሁሉ። እትዬ ብርሃኔ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ደብዳቤውን በእጥፋቱ መልሰው አጠፉት፤ እኔን ሳይሆን መንገዱን እያዩ ነበር።

"ዓይኑ ደህና ነበር ማለት ነው" አሉ።

"ደህና ነበር" አልኳቸው።